ከወሊድ በኋላ ያልለቀቀኝ ድካምና ብርድ የሆርሞን መዛባት ምልክት ይሆን?

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ዕድሜዬ 31 ነው፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ሁለተኛ ልጄን ከተገላገልኩ ዘጠኝ ወር ሞልቶኛል። ላለፉት አራት ወራት ገደማ ሰውነቴ የእኔ አልመስል ብሎኛል። ልጄ ሳያስነሳኝ ያደረ ሌሊት እንኳ ጠዋት የምነሳው እህል ሲፈጭ እንዳደረ ሰው ዝዬ ነው። ደሴ ያደገ ሰው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሹራቡን አውልቆ በክንዱ እንደሚይዝ ታውቃላችሁ፤ እኔ ግን እዚሁ ኮምቦልቻ፣ በቀትር፣ ተማሪዎቼ መስኮት ይከፈትልን እያሉ ሲለምኑኝ ጋቢ ደርቤ ማስተማር ጀምሬያለሁ።

ሆዴ ይደርቃል፤ በሦስትና በአራት ቀን አንዴ ነው የምጸዳዳው። ክርኔና ተረከዜ ቅባት አልይዝ ብለዋል። ምግቤ ሳይጨምር ክብደቴ 6 ኪሎ ጨምሯል። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ስም ስጠራ ዓመቱን ሙሉ ከፊት ወንበር የምትቀመጠው ልጅ ስም መጥፋቱ ነው። ፀጉሬም በማበጠሪያ ሙሉ ይነቀላል፤ ለእርሱ ከመድኃኒት ቤት የፀጉር ቫይታሚን ገዝቼ እየወሰድኩ ነው። ወር አበባዬ አልተመለሰም፤ በስድስተኛው ሳምንት የሦስት ወር መርፌ ስለጀመርኩ ግን አላሳሰበኝም። ጡት አጠባለሁ።

አማቴ «የአራስ ቤት ብርድ ገብቶብሽ ነው፤ ወገብሽ በደንብ አልታሰረም» ይላሉ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሆርሞንሽ ተዛብቷል» ይሉኛል። የሄድኩበት ክሊኒክ ደግሞ ደም ሳይወስድ ጭንቀት ነው ብሎ መለሰኝ። ግራ የሚያጋባኝ ነገር ቢኖር፣ ልጄ ሦስት ወር ሳይሞላው የነበርኩበት ሁኔታ ከአሁኑ ጋር ፍጹም ተቃራኒ መሆኑ ነው፤ ያኔ ላብ ያጠምቀኝ፣ ልቤም ያለ ምክንያት ድው ድው ይል ነበር፤ ክብደቴም በፍጥነት ቀንሶ ሰዎች «ማጥባቱ ጨረሰሽ» ይሉኝ ነበር። የሆርሞን መዛባት ምልክት ከተራ ድካም የሚለየው በምንድን ነው? ምን ዓይነት ምርመራስ ልጠይቅ?

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ፣ ወልዲያ

እህቴ፣ ዘጠኝ ወር ቢያልፈውም እንኳን በሰላም ተገላገልሽ።

«ሆርሞን ተዛባ» የሚለው አነጋገር የበሽታ ስም አይደለም። በሰውነታችን ውስጥ ብዙ ሆርሞኖች አሉ፤ የታይሮይዱ፣ ኢንሱሊኑ፣ ኮርቲሶሉ፣ ኤስትሮጅኑ፣ ፕሮላክቲኑ እያንዳንዱ የሚመነጭበት ዕጢ፣ የሚሠራው ሥራ፣ ሲጎድልና ሲበዛ የሚያሳየው ምልክት የተለያየ ነው። ስለዚህ ባልደረቦችሽ የተናገሩት ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን «የትኛው?» ተብሎ ካልተጠየቀ የሚያደርስሽ ቦታ የለም።

ከጻፍሽው ሁሉ ቀልቤን የያዘው መጨረሻ ላይ ግራ አጋባኝ ብለሽ የጣልሽው ነገር ነው። ቀድሞ ሙቀት፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መክሳት፤ ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ ብርድ፣ ድርቀት፣ መወፈር፣ መርሳት። ለአንቺ የማይገጥሙ ሁለት ነገሮች መስለውሻል፤ ለእኔ ግን አንድ ታሪክ ይመስሉኛል። ታይሮይድ አንገት ላይ፣ ከፊት በኩል ያለ ዕጢ ነው፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታይሮይድ ዕጢ መቆጣት የሚባል ነገር አለ። ከ100 ወላዶች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ እንደሚደርስ ይገመታል። በእርግዝና ጊዜ ረገብ ብሎ የቆየው የሰውነት መከላከያ ከወሊድ በኋላ ሲመለስ የራሱን ታይሮይድ ዕጢ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይወጋዋል። ዕጢው ሲጎዳ ያጠራቀመው ሆርሞን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይፈስሳል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ የሚታይ ሲሆን፣ ያንቺ ላብና የልብ ምት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ጎተራው ከተራገፈ በኋላ ደግሞ የተጎዳው ዕጢ ቶሎ መሙላት ስለማይችል፣ ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ወር ባለው ጊዜ ገደማ ሆርሞኑ ይጎድላል። ብርዱ፣ ድርቀቱ፣ የቆዳው መሻከር፣ የሐሳብ መዘግየቱ የዚህ ጉድለት መልክ ነው። አብዛኞቹ እናቶች ከወሊድ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ያገግማሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ጉድለቱ ጸንቶባቸው መድኃኒት ላይ ይቀራሉ።

ይህን ስል በጽሑፍ ምርመራ እያደረግኩልሽ አይደለም። ደም ማነስም ያደክማል፣ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ፀጉር ይነቅላል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የድብርት ሕመምም እንዲሁ ድካምና መርሳት ያመጣል፤ ከታይሮይድ ጉድለት ጋር አብሮ ሊኖርም ስለሚችል ጭንቀት ነው ያለሽ ሰው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አልችልም፤ ስህተቱ ደም ሳያይ መደምደሙ ነው። የፀጉሩን ነገር ብቻውን ብትጽፊው ኖሮ ደግሞ ብዙም አልደነግጥም ነበር፤ ከወሊድ በኋላ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ፀጉር መርገፉ የተለመደ ነው፣ ዓመት ሳይሞላም ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትወልጂ ብዙ ደም ፈስሶሽ፣ ራስሽን ስተሽ ወይም ደም ተሰጥቶሽ ነበር? ከባድ መድማት ከአንጎል ሥር ያለችውን ፒቱታሪ የተባለች ትንሽ ዕጢ ሊጎዳት ይችላል። እንዲህ የሆነባት ሴት ዋናው ምልክቷ ወተቷ ጨርሶ አለመምጣቱ፣ ወር አበባዋም አለመመለሱ ነው። አንቺ እያጠባሽ ስለሆነ ይህ የራቀ ይመስለኛል፤ ሆኖም በገጠር ቤት ወልዶ፣ ደም ፈስሶት፣ ለዓመታት «ብርድ ነው» እየተባለ የቆየ ሰው ስላየሁ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ተራ ድካምና የሆርሞን ምልክት የሚለዩት በምንድን ነው ላልሽው፣ እኔ ሦስት ነገር አያለሁ። አንደኛው ምልክቱ ብቻውን ነው ወይስ ከሌሎች ጋር ተሰልፎ የመጣ የሚለው ነው፤ ድካም ሁሉም ሰው ጋ አለ፣ ድካምና ብርድና ድርቀትና ሻካራ ቆዳ በአንድ ወቅት ሲመጡ ግን ወደ አንድ ዕጢ ያመለክታሉ። ሁለተኛው ዕረፍት ያሻሽለዋል ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛው ከሌላ ሰው ሳይሆን ከቀድሞው ከራስሽ ጋር ሲነጻጸር ምን ተለወጠ የሚለው ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ብርድ የማትችል ሴት ጋቢ ብትለብስ ምልክት አይባልም፣ አንቺ ግን ሹራብ አውልቀሽ የምትይዥ ሰው ነበርሽ። ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ምልክቱ የጀመረበትን ቀን፣ ክብደትሽን፣ የተጸዳዳሽበትን ቀን ጻፊ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺም የልብ ምትሽን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጥረሽ መዝግቢ፤ ደጋግሞ ከ60 በታች ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪው። ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስሽን አልያም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን መዝገቡን ትተሽ በዚያው ቀን ሂጂ።

መልስ፦ ከሐይቅ

እህቴ፣ ለእኔ የሠራልኝ ጥቁር አዝሙድ በማር ነው። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ማንኪያ ውሰጂ፤ ሆርሞንን ያስተካክላል ብለው ያስለመዱኝ እናቴ ናቸው፤ ሐኪም ቤት ገንዘብ ከማፍሰስሽ በፊት ሞክሪው።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ፣ ወልዲያ

የሐይቅዋ እህቴ፣ ጥቁር አዝሙዱን በምግብነቱ አልነቅፈውም፣ እኔም ቤት አለ። የጎደለ የታይሮይድ ሆርሞን ግን አይተካም። እርሱን እየሞከረች ሁለት ወር ብታሳልፍ የምትከስረው የአዝሙዱን ዋጋ አይደለም፤ ሁለቱን ወር ነው።

መልስ፦ የደላንታው

እህት ዓለም፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የታይሮይድን ነገር የማውቀው በእናቴ አንገት ነው። እናቴ እንቅርት ነበረባቸው። እኛ ሰፈር ያሉ ትልልቅ ሴቶች አንገታቸው ላይ ክብ ክብ ንቅሳት ያላቸው ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ እንቅርቱ እንዳይወጣ ወይም እንዲጠፋ ተብሎም ነው የሚነቀሱት። እናቴም ተነቅሰው ነበር፤ እንቅርቱ ንቅሳቱን እየለጠጠው አደገ። ሰው ፊት ሲወጡ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ሁለት ዙር ይጠመጥሙት ነበር፤ ለፎቶግራፍ ደግሞ ከዚያም በላይ ከፍ አድርገው አገጫቸው ድረስ።

ደሴ ወስጄ ሲመረመሩ የገረመኝ ነገር፣ እንቅርቱ ያን ያህል ሆኖ ሳለ የደማቸው ሆርሞን ልክ መሆኑ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ ከምግብ የሚገኘው አዮዲን ሲያንስ ዕጢው ያለችውን ጥቂት አዮዲን ለመያዝ ሲል ይገዝፋል፣ ብዙ ጊዜም በመግዘፉ ሥራውን ያሟላል። ስለዚህ እንቅርት ያለበት ሁሉ ሆርሞኑ ተዛብቷል አይባልም፣ አንገቱ ያላበጠ ሁሉም ደግሞ ደህና ነው ማለት አይቻልም። አንቺ አንገትሽ ላይ ምንም አላየሁም ብለሽ እንዳትዘናጊ ነው ይህን የምጽፈው። እብጠቱ በፍጥነት ካደገ፣ ሲነኩት ከጠጠረ፣ ድምፅ ካጎረነነ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ ግን የሆርሞኑ ልክ መሆን አያጽናናም፣ ሳይቆዩ መታየት ነው።

የእኛ ደጋ መሬት ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ስጠይቅም፣ ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑ አብሮ ስለሚሄድ በዚያ አፈር የበቀለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል አሉኝ። በአገራችን የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ነው። ጨዋችን የሚመጣው ከጎረቤታችን ከአፋር፣ በተለይ ከአፍዴራ ነው፤ ሆኖም ጨው ሁሉ አዮዲን አለው ብላችሁ አትመኑ፣ ከገበያ በኬሻ የተሰፈረውን ትታችሁ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን የታሸገ ግዙ። እናቴ ጨዉን ከምድጃው አጠገብ ክፍት በሆነ ቅል ነበር የሚያስቀምጡት፤ አዮዲን ግን ሙቀት፣ ፀሐይና እርጥበት ሲያገኘው ይተናል። አሁን እህቴ በጠባብ አፍ ጠርሙስ ከድና ታስቀምጠዋለች፣ ወጡም ሊወርድ ሲል ነው የምትጨምረው። እናቴ ይህን አይተው «ከእንግዲህ ለእኔ አንገት ምን ሊረባ» ብለው ስቀዋል።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ደሴ

የተከበሩ መምህርት፣ አዋላጇ እህቴ የተናገረችውን በላቦራቶሪ በኩል ላሟላው። በመጀመሪያ አንድ ነገር ይቁም፦ የፀጉር ቫይታሚንዎ። ጥቅሉን ገልብጠው ያንብቡት፤ ባዮቲን የሚል ከተጻፈበት ለደም ናሙና ከመምጣትዎ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድመው ያቁሙት፣ ለናሙና ሰብሳቢውም ይንገሩት። ባዮቲን በአንዳንድ መሣሪያዎች የታይሮይድን ውጤት ያጣምማል፤ የጎደለውን የሞላ፣ ጤነኛውንም የበዛበት አስመስሎ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ሳይናገሩ የሚመጡ በርካታ ሴቶች አሉ፤ ቫይታሚን መድኃኒት ስለማይመስላቸው።

የሚጠይቁት ምርመራ ቲኤስኤች እና ነጻ ቲ-4 ነው። ቲኤስኤች ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን «ሥራ» እያለች የምታዝበት ሆርሞን ነው፤ ነጻ ቲ-4 ደግሞ ታይሮይድ ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ነው። ታይሮይድ ሲሰንፍ ትዕዛዟን ታበዛለች፣ ሲበዛባት ዝም ትላለች። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ሲያዩ ታይሮይድ በዛብኝ ብለው እንዳይደነግጡ፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4.0 ያለው እንደ ጤናማ ይቆጠራል፤ መጠኑ እንደ መሣሪያው ስለሚለያይ ግን ከውጤትዎ ጎን የታተመውን የዚያኑ ላቦራቶሪ መለኪያ ይመልከቱ፣ ክትትሉንም ቢቻል በአንድ ቦታ ያድርጉት። ከወሊድ በኋላ ባለው መቆጣት ዕጢው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ቲኤስኤች ብቻውን ወደ ኋላ ሊቀር ስለሚችል ነጻ ቲ-4ን አብሮ ማየቱ ይጠቅማል። ለሁለቱም መጾም አያስፈልግም።

ከዚሁ ደም ላይ ሄሞግሎቢን ይታይልዎ፤ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። የደም ስኳርም ቢጨመር አይከፋም። «ሙሉ የሆርሞን ምርመራ» ተብሎ በአንድ ጥቅል የሚቀርብልዎትን ግን እንዲተዉት እመክራለሁ። ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን በሚያጠባ ሰው ላይ ከፍ ማለቱ ተፈጥሮው ነው፤ የሦስት ወር መርፌ ላይ ባለ ሰው ደግሞ የእንቁላል ዕጢ ሆርሞኖች በመርፌው ተጭነው ስለሚገኙ የሚነግሩን ስለ መርፌው እንጂ ስለ እርስዎ አይደለም። ገንዘብዎን ለማይነበብ ወረቀት አያውጡ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደሴ

ይቅርታ፣ የሌላ ሰው ጥያቄ ላይ ስለገባሁ። ዕድሜዬ 21 ነው። ወር አበባዬ በሁለት ወር፣ አንዳንዴ በሦስት ወር ነው የሚመጣው፤ አገጬ ላይም ጠቆር ያለ ፀጉር እየወጣ በምላጭ እላጨዋለሁ። ብርድም ድርቀትም የለብኝም። ይህም ታይሮይድ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ፣ ወልዲያ

እህቴ፣ ያንቺ ምልክት ወደ ሌላ በር የሚወስድ ይመስለኛል። የወር አበባ ዑደት በተለምዶ ከ21 እስከ 35 ቀን ነው፤ ያንቺ ከዚያ ርቆ፣ ፊት ላይ የወንድ ዓይነት ፀጉር ሲታከልበት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የእንቁላል ዕጢዎች ችግር ነው። አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ከልክ በላይ ሲሆኑ እንቁላሉ በየወሩ መውጣቱን ያቆማል፤ ብጉር፣ የፊት ፀጉርና የራስ ፀጉር መሳሳት አብረው ይታያሉ፤ ኢንሱሊንም በአግባቡ መሥራት ስለሚሳነው የስኳር በሽታ ሥጋት ይጨምራል። ሐኪም ይህን ስም ከመስጠቱ በፊት እርግዝና፣ ታይሮይድና ፕሮላክቲን አለመሆናቸውን ያጣራል፤ ስለዚህ ቲኤስኤች ያንቺም ወረቀት ላይ ይኖራል ማለት ነው። ወር አበባው ከሦስት ወር በላይ እየቆየ ዝም ማለቱ ግን ለማህፀን ግድግዳ ጥሩ ስላልሆነ፣ ገና አላገባሁም፣ አልወልድም ብለሽ አታቆዪው። ፀጉሩ በወራት ውስጥ በፍጥነት ከበዛና ድምፅሽ ከጎረነነ ቶሎ ታዪ። ምላጩን አትፍሪው፤ መላጨት ፀጉርን ያበዛል የሚባለው እውነት አይደለም።

ከጠያቂዋ፦ የኮምቦልቻዋ መምህርት

ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው፤ ይቅር በሉኝ። ለአዋላጇ እህቴ፦ ስወልድ የተለየ ደም አልፈሰሰኝም፣ ወተቴም አልጎደለም። ቫይታሚኑን ገልብጬ ሳየው ባዮቲን በትልቁ ተጽፎበታል፤ አቁሜው በአራተኛው ቀን ደም ሰጠሁ። ቲኤስኤች 23 ሆኖ መጣ፤ ነጻ ቲ-4 ከልክ በታች ነበር። ሄሞግሎቢኔም 10.8 በመሆኑ ሐኪሟ ፈገግ ብላ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብሽ» አለችኝ። የልብ ምት መዝገቤን ስሰጣት (53፣ 55፣ 52 የሚል ነው) ከውጤቱ ወረቀት በላይ ትኩር ብላ ያነበበችው እርሱን ነው።

ሌቮታይሮክሲን የሚባል፣ የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካ ክኒን ጀምራልኛለች። ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማጥባቴን እንድቀጥል፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜም ቲኤስኤች እንድደግም፣ መድኃኒቱን በራሴ ፈቃድ እንዳላቆም ነግራኛለች። ዓመት ገደማ ቆይተን ቀስ በቀስ እየቀነስን ዕጢው በራሱ መሥራቱን እናያለን ብላለች። ሌላ ልጅ ካሰብኩ ደግሞ ከማርገዜ በፊት እንድነግራት አስጠንቅቃኛለች።

ትልቁ ፈተና ቡናው ሆነ። ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ተውጦ ከምግብም ከቡናም በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ ቡና ከደረሰበት ወደ ደም መግባቱ ይቀንሳል። የደም ማነሱ የብረት ክኒን ደግሞ ከእርሱ በ4 ሰዓት መራቅ አለበት። አማቴ ዘንድ የጠዋቱ አቦል የሚቀዳው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው፣ ዱዓቸውም ከቡናው ጋር ነው፤ ሲኒ ገፋ አድርጎ መቀመጥ እንደ ንቀት ይቆጠራል። መጀመሪያ ሰሞን ተቀየሙኝ። አሁን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ልጄን ሳጠባ ክኒኑን እውጣለሁ፤ አቦሉ ሲደርስ አንድ ሰዓቱ ሞልቷል። ረመዳን ሲመጣ ባልጾምም እርሳቸው ቀድመው ጠይቀውኛል፦ «ያቺን ክኒንሽን በሱሑር ነው የምትወስጃት ወይስ ስትተኚ?» ሐኪሟን ስጠይቃት፣ ለሚጾም ሰው ከመጨረሻው ምግብ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲተኛ መውሰድም ይሆናል አለችኝ፤ እንደዚያው ነገርኳቸው።

ድካሙ ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ጋቢውን ግን ከሰኞ ጀምሮ ቤት ትቼው መሄድ ጀምሬያለሁ። የዩኒቨርሲቲዋ ተማሪ፣ አንቺስ ታየሽ ወይ?